የታመመ አፈር

ጉልበቴ መታጠፍ እምቢ ማለቱን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ጎመኑ ነው። አረም ሲወርሰው በረንዳ ላይ ቆሜ ስመለከተው ከረምኩ። ተስፋ ቆርጦ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከነሥሩ ተኝቶ አገኘሁት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ከእንግዲህ ማጎንበስ፣ መንበርከክ የለም እማማ» አለችኝ።

«ጎመኔስ?»

«ገበያ ሞልቷል» አለች።

እውነቷን ነው፣ የአሶሳ ገበያ ጎመን አያጣም። ነገር ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ጠዋት በሩን የሚከፍትበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያት ከሌለው በሩ ሳይከፈት ይረፍዳል፤ ማርፈዱም ይለመዳል። እኔ ይህን ፈራሁ። ፈሪ መሆኔን እዚሁ ላይ ተናግሬ ልገላገል፤ ከእባብ ጀምሮ እስከ ስልክ ጥሪ ድረስ የማልፈራው ነገር ጥቂት ነው። በጸሐፊነት ስሠራ በኖርኩበት መሥሪያ ቤት «ረጋ ያለች ሴት» ይሉኝ ነበር። መርጋት አልነበረም፤ ዝም የምለው ፈርቼ ነው።

እኔ ወደ መሬት መውረድ ካልቻልኩ መሬቱ ወደ እኔ ይውጣ ብዬ ቆረጥኩ። እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ አፈር የሚሞላበት የአትክልት መደብ ላሠራ። ቀርከሃ በእኛ አገር አይቸግርም። ሦስቱን ጎን በቀርከሃ አሳጠርኩ፤ አራተኛውን ወጪ ለመቆጠብ ብዬ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ካለው ግድግዳ ጋር አስጠጋሁትና ግድግዳው እንዳይርስ መሀል ላይ ላስቲክ አደረግሁ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ የሠራው ሟቹ ባለቤቴ ነው። ምርጊቱ ሳይደርቅ ተደግፎበት ኖሮ ከመስኮቱ ሥር መዳፉ ታትሞ ቀርቷል። ጎረቤቴ ዘውዴ ባየችው ቁጥር «ይሄን ደፍነሽ ቀለም ብትቀቢው ምናለበት» ትለኛለች። አልደፈንኩትም። ወደ መደቡ ልመለስ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያሠራ ስለ ቁመቱና ስለ ስፋቱ ያስባል። ሆድ እንዳለው የሚገባው ለመሙላት ሲነሣ ነው። ባዶውን ቆሜ ሳየው ለጎመን የተሠራ አልመሰለኝም፤ ርዝመቱ ከእኔ ርዝመት ጋር ስለተስተካከለብኝ ፊቴን አዞርኩ።

«በአፈር ብቻ ልትሞይው ነው?» አለችኝ ዘውዴ። «አፈር ማለት ቅቤ ነው እህቴ፣ ከላይ ከላይ ነው የሚደረገው። ከታች ያገኘሽውን ክተቺበት።»

ያገኘሁትን ከተትኩበት። የበሰበሰ የማንጎ ግንድ፣ የቀርከሃ ፍልጥ፣ ካርቶን፣ ከዚያ በላይ የማንጎ ቅጠል። ቅጠሉን እስከ አፉ ሞልቼ አደርኩ። ጠዋት ሳየው ወደ ታች ወርዷል። እንደገና ሞላሁት፤ እንደገና ወረደ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከታች የሚበላ ፍጥረት አለ። በረጅም ዱላ ከሩቅ ወጋ ወጋ አድርጌ ሸሸሁ። ዘውዴ መጥታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችበትና «ቅጠል ነዋ፣ ሲተኛ ይሰጥማል» አለችኝ። እጇን ስታወጣ ጣቶቿ በሙሉ መኖራቸውን አረጋገጥኩ።

ብስባሹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ፍግ፣ የወጥ ቤት ጥራጊና አመድ እያፈራረቅሁ ጓሮ ጥግ ከምሬ ነበር። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ስወጣ ክምሩ ይጨሳል። ውሃ በባልዲ ደፋሁበት። ባሰበት። ዘውዴን ጠራኋት። «ሞቀ ማለት በሰለ ማለት ነው፤ አንቺ ደግሞ የሚበስለውን ሁሉ የሚቃጠል እያልሽ ልትሞቺ ነው» ብላኝ ሄደች። ሰው ያለ ክብሪት የሚሞቅ ነገር ጓሮው ውስጥ ሲያገኝ ባይፈራ ነው የሚገርመኝ።

የቀረው አፈሩ ነው። የእኔ ግቢ መሬት ጠጠር የበዛበት ቀይ ነው፤ ዶማ ሲያርፍበት ዶማውን ይመልሳል። የሚሸጠው ጥቁር አፈር ደግሞ ዋጋው ለጡረተኛ አልተተመነም። መፍትሔውን ያመጣልኝ ከፊት ለፊቴ የሚኖረው የባጃጅ ሹፌር ነስረዲን ነው። ወደ መንጌ ወረዳ ዕቃ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አለ፣ ባዶ ከሚመጣ በመንገዱ አፈር ጭኖ ቢመጣ ሹፌሩ በነዳጅ ማካካሻ ይስማማል አለኝ። ተስማማሁ። አይሱዙ ስንት አፈር እንደሚይዝ አልጠየቅሁም። በሐሳቤ የነበረው ጋሪ ነው።

አይሱዙው መጣ፤ በሬ ላይ ጀርባውን ሽቅብ አነሣና ሸክሙን አፈሰሰው። አቧራው ሲቀመጥ የእኔ በር የለም። የነስረዲን በርም የለም። ቀይ ኮረብታ ብቻ አለ። ነስረዲን ከኮረብታው ወዲያ ቆሞ፣ ድምፁ ብቻ እየተሰማ «እማማ፣ እኔ በየት ልውጣ?» አለ።

የጎረቤት ቁጣ ከምፈራቸው ነገሮች አንደኛው ነው። መደቤን አስሞልቼ የተረፈውን ላገኘሁት ሁሉ «ውሰዱልኝ» እያልኩ መለመን ጀመርኩ። ነስረዲን በየክረምቱ ባጃጁ የሚሰምጥበትን ጉድጓድ ደለደለበት። ዘውዴ በየጣሳው ሞልታ ጤና አዳም ተከለችበት። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፈራ መንደር የሚኖረው ባለ ጋሪው ይመር ደግሞ አፈሩን በጣቱ ሲያሸው ፊቱ በራ። ይመር ገና በሰው ጀርባ ሳለ ነው ከወሎ የመጣው፤ አነጋገሩ ግን እዚያው ወሎ ቀርቷል።

«ኧረ እትዬ፣ ይኸ የሚለጠፍ አፈር ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳዬ ተልጦ ክረምቱን ስፈራ ነበር። ከጭድ ጋር ባቦካው እንደ ድንጋይ ነው የሚይዝ።»

«ውሰድ ይመር፣ የፈለግኸውን ያህል።»

በጋሪው ተመላልሶ ወሰደ። ሌላውም ሰው በሳፋና በማዳበሪያ ከረጢት ወሰደ። እንደዚያ ሰሞን ተመርቄ አላውቅም። በሬም ተከፈተ፣ መደቤም ሞላ። ብስባሹን ከላይ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያን ጊዜ ነው ሐዋ የመጣችው።

ሐዋ ከማንጎው ዛፍ ባሻገር ያለች ጎረቤቴ ናት። የበርታ ተወላጅ ናት፣ የመንጌ ልጅ፤ ገበያ ላይ ማንጎ ትሸጣለች። አማርኛዋ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚለው። የእኔን በርትኛ የሰማ ሰው ግን በእሷ አማርኛ አይስቅም። እህቶቿ ጋ ሰንብታ መመለሷ ነበር፤ ጥፍሯ ሥር ገና የወንዝ ጭቃ አለ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ዓይኗ መደቡ ላይ ተተከለ።

«ይሄ አፈር ከየት መጣ?»

ነገርኳት። ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ በተነችው።

«ይሄ የኔ አገር አፈር ነው። ውሃ ስጠኝ። ሰፊ ሳህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። አፈሩን ከውሃው ጋር ታዞረው ጀመር። ክንዷ አይንቀሳቀስም፤ አንጓዋ ብቻ ነው የሚዞረው። ውሃው አፈሩን አባብሎ ይዞት ይወጣል። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ ጥቁር አሸዋ ብቻ ቀረ። ከአሸዋው ጫፍ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከጤፍ ያንሳል።

«ምንድን ነው?»

«ዝም በል» አለችኝ። ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ደሀብ። ወርቅ።»

ሁለታችንም ሳህኑ ላይ አቀረቀርን።

«እኛ አገር አንድ ሰው ቤቱ አጠገብ እንዲህ አገኘ» አለች ሐዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለወንድሙ ነገረ። ወንድሙ ለሚስቱ ነገረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤት የለም። ሰው መጣ፣ ቆፈረ፣ ከግድግዳው ሥር ገባ። አልጋው ብቻ ቀረ።»

«አልጋው ለምን ቀረ?»

«ሰውዬው ተኝቶበት ነበር።»

እየቀለደች ይሁን እያዘነች ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም። «ወላሂ ለማንም አይነገርም» ብላኝ ወደ ማንጎዋ ሄደች። ሳህኑን በሳህን ከድኜ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩና ቆለፍኩ። ከዚያ ቁልፉን የት እንደማስቀምጥ ቆሜ ሳስብ ሻይዬ ቀዘቀዘ።

መደቡ ከግድግዳዬ ጋር ተያይዟል። ቆፋሪ ቢመጣ የሚጀምረው ከመስኮቴ ሥር፣ ከባለቤቴ መዳፍ ሥር ነው። የጭቃ ቤት ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይከራከርም፣ ይተኛል።

ሐዋ ባትናገር እንኳ አፈሩ ራሱ ይናገራል ብዬ አሰብኩ። የነስረዲን ጉድጓድ ላይ ዝናብ ወርዶ ጎማ ሲያዞረው ብልጭ ቢልስ? ከዘውዴ ጣሳ ቢፈስስ? የይመር ግድግዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ቢያበራስ? ያየው ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አፈሩ ከየት መጣ። መልሱ ደግሞ እኔ ነኝ። አፈሩ በሙሉ መመለስ አለበት።

ግን ሰው ለምኖ የሰጠውን ነገር በምን አፉ ይጠይቃል? ምክንያቱን እንዳልናገር ምክንያቱ ወርቅ ነው። ሰውን የተሰጠውን ነገር በፈቃዱ የሚያስመልሰው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ፍርሃት። በዚህ በኩል ደግሞ ልምድ አለኝ።

ከነስረዲን ጀመርኩ።

«ያ አፈር በሽታ አለበት ተባለ» አልኩት።

«ምን ዓይነት በሽታ?»

«የሥር።»

«እማማ፣ ባጃጅ ሥር የለውም።»

«ጎማ ግን አለው።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ነስረዲን ጎማውን አየ። ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው። ከዚያ አካፋ ሊያመጣ ገባ።

ዘውዴ ገና ሳልጨርስላት ክንዷን ማከክ ጀመረች። «ለካ ለዚህ ነው! ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳክ ነው ያደርኩት። እኔ ደግሞ ቁንጫ ነው ብዬ ፍራሹን አወጣሁት።» ጣሳዎቿን ከነጤና አዳማቸው ተሸክማ በሬ ላይ ደረደረችልኝ።

ለይመር ስልክ መደወል ነበረብኝ። ስልክ እንደማልወድ ተናግሬአለሁ።

«ይመር፣ ያ አፈር በሽታ አለበት፤ መልሰው።»

«ኧረ እትዬ፣ ለጥፌዋለሁ እኮ። ደርቋል።»

እዚያ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ተቋረጠ እላለሁ እንጂ የዘጋው የእኔ ጣት ነው። ምን ልበለው?

በማግሥቱ አፈሩ መምጣት ጀመረ። ያልገመትኩት ግን አመጣጡን ነው። ሰው የታመመ ነገር ሲመልስ በልኩ አይመልስም። በሳፋ የወሰደ በከረጢት ሞልቶ መለሰ፤ ነክቶታል ብሎ የፈራውን የራሱን መሬት ጭምር ቆፍሮ። ከእኔ ምንም ያልወሰዱ ሰዎች «ነፋስ አምጥቶብን ሊሆን ይችላል» እያሉ የግቢያቸውን ጥራጊ ይዘው መጡ። አንዲት የማላውቃት ሴት ጽጌረዳዋን ከነማሰሮዋ አስቀምጣ፣ ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች። ነስረዲን ደግሞ አፈሩን በባጃጁ እያመላለሰ፣ በመሀል የጫነውን ሰው ሁሉ «የአፈር በሽታ ገብቷል» ይላል። አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ላይ የተወራ ነገር ሬዲዮ አያስፈልገውም። ከቀትር በኋላ ከገበያ ወዲያ ካሉ ሰፈሮች ሳይቀር አፈር ይመጣ ጀመር።

ኮረብታው ከበፊቱ በለጠ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ትቼው እንዳልገባ ወርቅ ነው፤ እንዳልጠብቀው የታመመ ነው። ሰውም አመጣና አልሄደም። ቆመ። ሰው በቆመበት ቦታ ሌላ ሰው ይቆማል።

ዘውዴ ድንገት ማከኳን አቆመች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«የታመመ አፈር ሰው ይጥለዋል እንጂ ይሰበስበዋል እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ረጋ ያልኩ ያስመሰለኝ ይህ ነው፤ አሁን ግን ማንም ረግታለች አላለም።

በዚህ መሀል ሐዋ መጣች። በራሷ ላይ ሰፊ የእንጨት ገበታ ተሸክማለች። ስታዝንልኝ ሰንብታ ኖሮ አፈሩን አጥባ ልትገላግለኝ አስባ ነው የመጣችው፤ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ሰዓት ግን ሰው ሁሉ ያየው ገበታውን ነው። አሶሳ የኖረ ሰው ያ ገበታ ሊጥ እንደማይቦካበት ያውቃል። የሚታጠብበት ወርቅ ነው።

«ሰላም ነው?» አለች ሐዋ። «ለምን ሰው በዛ?»

ዓይኖች ከገበታው ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ እኔ ሄዱ።

«እንዲህ ነው በሽታው» አለች ዘውዴ ቀስ ብላ።

ሐዋ ግን አልተደናገጠችም። ገበታዋን አውርዳ ሕዝቡን አየችና፣ ማንጎ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትናገረው ሁሉ በተራ ድምፅ «ይሄ ክምር የሁሉም ነው። የፈለገ ይውሰድ። ቤቱ ሄዶ ይጠብ» አለች።

ለምኜ ለምኜ ያስወሰድኩት፣ ዋሽቼ ያስመለስኩት አፈር ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አለቀ። በሳፋ፣ በባልዲ፣ በነጠላ ሳይቀር ወሰዱት። ዘውዴ ጣሳዎቿን ወሰደች፤ ጤና አዳሙን ነቅላ ለእኔ ሰጠችኝ። ነስረዲን ባጃጁ ውስጥ ሞልቶ ሲሄድ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋለትም አላቆመም።

እፎይ ልል ስል አንድ ሰው ከኋላዬ ግቢ ገብቷል። የማላውቀው ጎልማሳ ነው። ዶማ ትከሻው ላይ አለ። ከመደቡ ፊት ቆሞ ነበር።

«እናቴ፣ ይኼኛውስ ከዚያው አፈር ነው?»

አይደለም ልለው ፈለግሁ። በዚያ ፈንታ ሄጄ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀርከሃው ተንጣጣ።

«ተክዬበታለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ጎመን።»

«አልበቀለም።»

«ይበቅላል።»

እሱ የሚያየው እኔን አይደለም። ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ዶማ በየት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አስተያየት አለው።

«ቤቱ የቆየ ነው» አለ።

«የቆየ ነው» አልኩ።

ዶማውን ከትከሻው አወረደ። መሬት ላይ አቆመው እንጂ አላነሣውም፤ እኔ ግን በጀርባዬ ግድግዳውን ተደግፌ የባለቤቴ መዳፍ ትከሻዬ ላይ ያረፈ እስኪመስለኝ ተጠጋሁ። ባለቤቴን ስለ ብዙ ነገር አልጠራሁትም፤ ያን ዕለትም አልጠራሁትም። መጠጋት ብቻ ነው።

ሐዋ ገበታዋን ይዛ ገባች። ዘውዴም ተከትላታለች።

«ውረድ» አለችኝ ሐዋ።

«አልወርድም።»

«እሺ አትውረድ። ከአጠገብህ እወስዳለሁ።»

ከአጠገቤ አፈር ዘግና ሰውዬው ፊት አጠበችው። ጥቁር አሸዋ ብቻ። ከሌላው ጫፍ ዘግና አጠበች። ጥቁር አሸዋ ብቻ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ያያል። ዘውዴ «እስቲ እኔ» ብላ ገበታውን ተቀበለች፤ ግማሹን ውሃ ቀሚሷ ላይ ደፋችው እንጂ እሷም ምንም አላገኘችም።

«ታዲያ ገበታ ያሸከመሽ ምን አግኝተሽ ነው?» አለቻት ዘውዴ።

ሐዋ ገበታውን አየች። ከዚያ እጇን አየች። ጣቶቿን ዘርግታ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነው» አለች መሬት ላይ ዘፍ ብላ እየሳቀች። «ያን ቀን ከመንጌ መጣ። ከእህት ጋር ወንዝ ውስጥ ሲያጥብ ዋለ። ከጥፍር ውስጥ ነው። ወላሂ የራሴ ወርቅ ነው!»

ሰውዬው «ከጥፍር» አለ ለራሱ። ዶማውን አነሣ፣ ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ሲወጣ በሩን ዘጋልኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ስሙን ብጠይቀው ጥሩ ነበር፤ ግን ፈራሁ።

ሰፈሩ ሁሉ አጥቦ አጥቦ አሸዋና የወገብ ሕመም አተረፈ። አንድ ሰው አግኝቷል ይባላል። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔ ያን ዕለት ከመደቡ ላይ ወርጄ፣ ቤቴን ዞሬ አይቼ፣ ነገሩ ተፈጸመ ብዬ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የጋሪ ድምፅ ሰማሁ።

ይመር ነው። ጋሪው ላይ የደረቀ የምርጊት ቅርፊት፣ ጭዱ የታየ፣ ተቆልሏል። ፊቱና ቅንድቡ ቀይ አቧራ ነው። አፉ ላይ ሻርፕ አስሯል፤ በሽታው እንዳይገባበት።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ። የታመመውን ግድግዳ አመጣሁልዎ።»

«ሁሉንም?»

«ቀርፌ ቀርፌ ማገሩ ነው የቀረ። ሰሌን ጋርደንበታል። ልጆቹን በወዲህኛው በኩል አስተኛናቸው። ግማሹን ጋሪው ስላልቻለ ገደል ጣልኩት፤ ሰው በማይደርስበት።»

ደመናው በምዕራብ በኩል ጠቁሮ ነበር። የይመር የተቀረፈ ግድግዳ በየት በኩል እንደሆነ አስታወስኩ።

እኔ ግድግዳዬ እንዳይነካ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት። ግድግዳዬ አልተነካም።

«ይመር» አልኩት። «አፈሩ አልታመመም።»

ሻርፑን ከአፉ አወረደ።

«ታዲያ ማን ነው የታመመ?»

«እኔ።»

አህያው ጆሮውን አራገፈ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳህኑን፣ የሐዋን ጥፍር፣ ስልኩን የዘጋችውን ጣቴን። ይመር ጋሪውን ተደግፎ እስክጨርስ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አብሽሩ» አለ በመጨረሻ። «ይድናል።»

አፈሩን ይሁን እኔን አልተናገረም።

በማግሥቱ ጠዋት የፈራሁት ዶማ መስኮቴ ሥር መጣ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ብስባሹ ገና ስላልተቀላቀለው አፈሩ ለምርጊት ይሆናል፤ ገደል የገባውን ግማሽ የሚተካ ሌላ አፈር ደግሞ በሰፈሩ አልተረፈም፤ ታጥቦ በየቦዩ ሄዷል። መደቡን እስከ ቅጠሉ ድረስ ገልብጬ የይመር ጋሪ ላይ አስጫንኩት። ዘውዴም መጣች፣ «እኔ ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ልከክ?» ብላ። ጋሪው ቀድሞን ሄደ፤ እኛን ነስረዲን ከቀትር በኋላ በባጃጅ አደረሰን። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ግን መንገዱን ሙሉ «ጎማ ግን አለው» እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ይመር ከነሚስቱ ጭዱንና አፈሩን አቦክተው ቆዩን። ሥራውን የተከፋፈልነው በጉልበቴ ልክ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው የእኔ፣ ከወገብ በታች ያለው የነሱ። ወደ መጨረሻ ላይ ደክሞኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«እትዬ፣ መዳፍዎ ቀርቶበታል» አለኝ ይመር። «ልዳምጠው?»

አየሁት።

«ተወው» አልኩ።

ዝናቡ ምርጊቱ ውሃውን መጥጦ ነፍስ ከዘራ በኋላ መጣ። በዚያ ሰሞን በምዕራብ በኩል ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የይመር ግድግዳ እያልኩ አድሬአለሁ። ያዘ። ግድግዳው ያዘ።

ባዶውን መደብ እንደገና ሞላሁት። በዚህኛው ጊዜ ወጪ የሚባል የለበትም፣ ጠርጣሪም የለበትም። ሐዋ ከገበያ የማንጎ ልጣጭና የፈረጠ ማንጎ በየቀኑ ታመጣልኛለች፤ ይመር የአህያውን ፍግ፤ እኔ ብስባሹንና አመዱን። ከሽታው የተነሣ ሰው በአጥሩ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል። መስኮቴን መክፈት አልችልም፤ ግን በሰላም ነው የምተኛው። ንብረቱን መጠበቅ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ከቁልፍ ይረክሳል። የቁልፍ ነገር ካነሣሁ፣ ያቺን ከጤፍ የምታንስ ወርቅ ለሐዋ መለስኩላት። «ጥፍሬ ውስጥ መልሰው» ብላ ሳቀችብኝ።

በጎመን ፈንታ ቲማቲም ተከልኩ፤ ጎመኑ ታዝቦኛል ብዬ። ፍሬው ሲቀላ የመጀመሪያውን ለነስረዲን ሰጠሁት። ገመጠና አኘከ። ቀስ ብሎ፣ በአንድ በኩል፣ በጥርሱ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አኘከ።

«ምነው?»

«ምንም እማማ። ይጣፍጣል።»

ዘውዴም እንደዚያው ነው የምታኝከው። ይመርም፣ እግዜር ይይለት፣ እንደዚያው ነው። እኔ ጠዋት በሬን ከፍቼ፣ ግራና ቀኝ አይቼ፣ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን ሳረጋግጥ አንድ እቀጥፋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማኝከው።